ተጣይ ቬፕና የሺሻ ዕቃ፦ የነገ ሐኪሞች ሲመረምሯቸው

ይህ ግምገማ በሁለት ዕቃዎች ላይ ያተኩራል። የመጀመሪያው ከጣት እምብዛም የማይረዝምና ፈሳሹ ሲያልቅ የሚጣል ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ነው። ሁለተኛው የሸክላ ራስ፣ የብረት አንገት፣ የመስታወት ውሃ መያዣና ረጅም ቱቦ ያለው የተለመደው የሺሻ ዕቃ ነው። ቬፑን ያገኘሁት ከውጭ አገር የመጣ ዘመዱ በስጦታ ከሰጠው ወጣት ሲሆን፣ የሺሻውን ዕቃ ደግሞ መጠቀም ያቆመ ጎረቤት አውሶኛል። አንዱንም አልለኮስንም፤ ከአንዱም ጭስ አልሳብንም። ዕቃዎቹን ፈታተን፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብበን፣ ስለ እያንዳንዱ ክፍል አሠራር ተወያይተናል። አብረውኝ የነበሩት በክሊኒካል ዓመታት ላይ የሚገኙ የሕክምና ተማሪዎችና በሆስፒታል የተግባር ሥልጠና ላይ ያሉ ጥቂት ኢንተርኖች ናቸው፤ እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪምና አስተማሪያቸው ነኝ።

ባሕር ዳር እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ያሉባት፣ ሐኪም የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። ነገ ከታካሚ ፊት ተቀምጦ ስለ ትምባሆ የሚጠይቀው ወጣት፣ ዛሬ ማታ ጣና ዳር ከእኩዮቹ ጋር የሚዝናናው ያው ወጣት ነው። ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚያምን ለመረዳት የፈለግሁት ዕቃው ፊቱ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይማ ትምባሆ ካንሰርን፣ የልብና የሳንባ ሕመምን እንደሚያስከትል ያልጻፈልኝ ተማሪ የለም።

አጠቃላይ ፍርዴን አስቀድሜ ልግለጽ። ሁለቱም ዕቃዎች የሚሠሩትን ሥራ ከተጠቃሚው ጉሮሮና ዓይን ለመሰወር በሚገባ የተሠሩ ናቸው፤ ተማሪዎቼም ስለ ሲጋራ ያላቸው ዕውቀት ጠንካራ ሆኖ ሳለ፣ በእነዚህ በሁለቱ ፊት ሲቆሙ እንደ ማንኛውም ወጣት የሰፈር ወሬ ይዘው ተገኝተዋል። ይህን የምለው ልወቅሳቸው ፈልጌ አይደለም። የተማሩት ስለ ሲጋራ ነው፤ የታካሚን የሕመም ታሪክ የሚወስዱበት ቅጽም ስለ ሲጋራ ይጠይቃል፤ ስለ ሺሻና ስለ ቬፕ ያስተማራቸው በአመዛኙ ቲክቶክና የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነው።

ከሺሻው እንጀምር፤ ብዙ የተወያየነውም በእርሱ ላይ ነው። ዕቃውን ስንፈታታ መጀመሪያ የጠየቅሁት ውሃው ለምን እንዳስፈለገ ነበር። አብዛኞቹ «ያጣራል» አሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም መርዙ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር ሺሻ ከሲጋራ ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው። አንገቱን ከመስታወቱ ጋር ገጥመን በቱቦው በኩል አየር ስንስብ ግን ሁሉም እንዳየው፣ አየሩ በትልልቅ አረፋ ሆኖ በውሃው ውስጥ በቅጽበት ያልፋል። በአረፋው መሃል ያለው ጭስ ውሃውን ሳይነካ ይወጣል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ደቃቃ ቅንጣቶቹም አብረው ያልፋሉ። ውሃው በእርግጥ የሚሠራው ሥራ ጭሱን ማቀዝቀዝና ማለስለስ ነው፤ ጉሮሮን የሚያቃጥለው ስሜት ስለሚጠፋም ሰውየው ሳይስል በጥልቀትና ለረጅም ጊዜ ይስባል። ጥቂት ኒኮቲን ውሃው ውስጥ መቅረቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ሰውነቱ የለመደውን መጠን እስኪያገኝ ድረስ መሳቡን ስለሚቀጥል፣ በዚያው ልክ ሌላውን መርዝ ጨምሮ ይወስዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሺሻ ባወጣው የምክር ሰነድ ላይ የሰፈረውን ስሌት በሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስቦ ግማሽ ሊትር ገደማ ጭስ ያስገባል። የሺሻ ቆይታ ግን ከ20 እስከ 80 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሰውየው ከ50 እስከ 200 ጊዜ ሊስብ ይችላል፤ እያንዳንዱ መሳብም ከ0.15 እስከ 1 ሊትር ይደርሳል። በዚህ ምክንያት በአንድ ቆይታ የሚገባው ጭስ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲጋራ ከሚሰጠው ጭስ ጋር ሊስተካከል እንደሚችል ሰነዱ ይገልጻል። አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ወዲያው እጇን አውጥታ፣ «ዶክተር፣ ይህ ቁጥር የጭሱን ብዛት እንጂ የኒኮቲኑን ወይም የካንሰሩን መጠን ይነግረናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጭስ መጠን ብቻ ነው፤ አንድ ሺሻ በሁሉም ረገድ 100 ሲጋራ ነው ብሎ ለታካሚ መንገር ስሕተት ይሆናል፤ በኒኮቲን ረገድ ልዩነቱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እንዲህ በጥንቃቄ የምታነብ ሐኪም ታካሚዋን ለማስፈራራት ማጋነን አያስፈልጋትም።

ከሁሉም በላይ የተማሪዎቹን አመለካከት የለወጠው ግን ከሰሉ ነው። በከተማችን ከሰል የማያውቅ ቤት የለም፤ ቡና የሚፈላው፣ ወጥ የሚሠራው፣ በክረምት ቤት የሚሞቀው በእርሱ ነው፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ አስገብቶ መተኛት እንደሚገድልም ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓል። የሺሻው ራስ ላይ የሚቀመጠው ያው ከሰል ነው። ልዩነቱ ጋዙ በክፍሉ አየር ሳይበረዝ በቱቦ በቀጥታ ወደ ሳንባ መግባቱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘውን ሂሞግሎቢን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ እንደሆነ ተማሪዎቹ ከፊዚዮሎጂ ትምህርታቸው በቃላቸው ያውቁታል። ከሺሻ ጋር ግን አያይዘውት አያውቁም ነበር።

ይህን ለማገናኘት አንድ የመለማመጃ ታሪክ ሰጠኋቸው። ወጣት ታካሚ ማታ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ በከባድ ራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽና ራሱን ስቶ በመውደቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መጥቷል፤ በጣቱ ላይ የተደረገው የኦክስጅን መለኪያም 99 ከመቶ ያሳያል። ኢንተርኖቹ ስለ ወባ፣ ስለ ማጅራት ገትር፣ ስለ መጠጥና ስለ ደም ስኳር ማነስ በፍጥነትና በሥርዓት ዘረዘሩልኝ፤ ስለ ሺሻ የጠየቀ አልነበረም። የጣት መለኪያው በኦክስጅን የተሞላውን ሂሞግሎቢንና በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን መለየት እንደማይችል፣ በዚህም ምክንያት 99 የሚለው ቁጥር ታካሚው ደኅና ነው ማለት እንዳልሆነ ስንነጋገር ክፍሉ ዝም አለ። ተማሪዎቹ ወደ ጠረጴዛው ቀርበው የሸክላውን ራስ እያገላበጡ እንደ አዲስ ዕቃ መመልከት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ሲገጥም ኦክስጅን በከፍተኛ መጠን በጭንብል መስጠት የቁጥሩን ማማር አይቶ የሚዘገይ ሕክምና አይደለም።

ከትምባሆ ነጻ ስለሚባለው የሺሻ ዓይነት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ኒኮቲኑ ቢቀርም ከሰሉ አልቀረምና ካርቦን ሞኖክሳይዱና ታር የሚባለው የጭሱ ተጣባቂ ዝቃጭ እንዳሉ ናቸው። ስለ አፍ ጫፉ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ የፕላስቲክ ጫፍ መስጠት ንጽሕናን ያረጋግጣል ብለው ያመኑ ነበሩ፤ ነገር ግን ቱቦው አንድ ነው፤ ውሃውም አንድ ነው፤ ክፍሉም አየር የማይዘዋወርበት ነው። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው አገሮች ተርታ በመሆኗ፣ አንድን ቱቦ በየተራ መቀባበል እዚህ ከሌላው ዓለም የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል። በተጨማሪም ሺሻ በከተማችን ብዙ ጊዜ ከጫት ጋር ስለሚሄድ፣ ልብ ሁለት አነቃቂዎችን በአንድ ጊዜ ትሸከማለች፤ ኒኮቲንም ሆነ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራሉ።

ወደ ቬፑ ስንመጣ፣ ዕቃው ራሱ ለዓይን ያምራል፤ ቀላል ነው፤ በማንጎ ሥዕል የተሸፈነ ነው፤ አመድ የለውም፤ ልብስ ላይ የሚቀር ሽታም የለውም። ውስጡ ባትሪ፣ ፈሳሽ የመጠጠ ጥጥና ጥጡን የሚያሞቅ ጥቅል ሽቦ አለ። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን ነው። የሚወጣው ነገር ብዙ ተማሪዎች እንዳሉት የውሃ እንፋሎት ሳይሆን ደቃቅ የፈሳሽ ቅንጣቶችን የያዘ ብናኝ ነው፤ ሽቦው ከመጠን በላይ ሲሞቅም ፎርማልዲሃይድን የመሰሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ ከብረቱም እንደ ኒኬልና እርሳስ ያሉ ማዕድናት ወደ ብናኙ ሊገቡ ይችላሉ።

በማሸጊያው ላይ «ኒኮቲን 5 ከመቶ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ተማሪ 95 ከመቶው ንጹሕ ነው ብሎ ተረጎመው፤ ሌሎቹም ትንሽ መጠን መሰላቸው። መድኃኒት ማስላት የሚችሉ ወጣቶች ስለሆኑ ወረቀት ሰጥቼ አስላኋቸው፤ 5 ከመቶ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 50 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ዕቃው 2 ሚሊ ሊትር ቢይዝ 100 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። ከአንድ ሲጋራ ወደ ሰውነት የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም እንደሆነ ሲያስታውሱ፣ ከፈሳሹ ሁሉም ወደ ደም ይገባል ማለት ባይሆንም፣ ቁጥሩ ትንሽ አለመሆኑን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይሸጥ ገደብ አበጅቷል። ይህን ያህል ብርቱ ፈሳሽ ጉሮሮን ሳይቆረቁር እንዲሳብ ያስቻለው ኒኮቲኑ በጨው መልክ መዘጋጀቱ ነው፤ እንደ ሺሻው ውሃ ሁሉ እዚህም ማለስለሱ ለተጠቃሚው የተደረገ በጎ ነገር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሱስን ማፋጠን ነው። የሰው አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ ማደጉን እንደሚቀጥልና ኒኮቲን በዚያ እድገት ላይ ጣልቃ እንደሚገባም አንስተናል፤ ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ ከዚያ ዕድሜ በታች ናቸው።

ከፍርሃት በኩል ያለው ዕውቀታቸውም መታረም ነበረበት። ብዙዎቹ ቬፕ «የፈንዲሻ ሳንባ» የሚባለውን ሕመም ያመጣል ብለው በእርግጠኝነት ነገሩኝ። ይህ ሕመም የታወቀው በአሜሪካ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ሲሆን፣ ምክንያቱ ዳይአሲታይል የተባለ የቅቤ ማጣፈጫ ነበር፤ ያው ኬሚካል በአንዳንድ የቬፕ ፈሳሾች ውስጥ በመገኘቱ ስጋቱ ምክንያት አልባ ባይሆንም፣ በቬፕ ምክንያት እንደመጣ ተረጋግጦ የተመዘገበ ታካሚ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተከሰተው ከባድ የሳንባ ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው፤ እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል የገቡበት ወይም የሞቱበት፣ ከእነርሱም 68ቱ ሕይወታቸው ያለፈበት ይህ ክስተት በዋናነት የተያያዘው ከካናቢስ ፈሳሽ ጋር ከተቀላቀለ የቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር ነው። ሐኪም እነዚህን ነገሮች ቀላቅሎ ከተናገረ፣ ስልኩን አውጥቶ የሚያጣራው ወጣት ታካሚ የቀረውን ምክሩንም አይቀበለውም።

በዚሁ ቅንነት ለቬፕ የሚቀርበውን መከራከሪያም ተመልክተናል። የእንግሊዝ ሮያል የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት የቬፕ የረጅም ጊዜ ጉዳት ከሲጋራው 5 ከመቶ ይበልጣል ተብሎ እንደማይገመት ገልጿል፤ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማም ኒኮቲን ያለው ቬፕ ሲጋራ ለማቆም ከኒኮቲን ማስቲካና ከኒኮቲን ፕላስተር የተሻለ እንደሚረዳ ደምድሟል። እነዚህን ማስረጃዎች ከተማሪ መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ንጽጽሩ በቀን ፓኮ ሙሉ የሚያጨስን ሰው የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ከመቶ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ቬፕ የሚጀምረው ወጣት ብዙውን ጊዜ ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ነው፤ ለእርሱ ማነጻጸሪያው ከሐይቁ የሚመጣው ንጹሕ አየር ነው።

ስለ ሕጉ ያላቸው የዕውቀት ክፍተት አስገርሞኛል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና የሺሻን ሽያጭ ከልክሏል፤ ለማንኛውም የትምባሆ ምርት የመግዣ ዕድሜውንም 21 ዓመት አድርጓል። ተማሪዎቹ በምግብ ቤትና በመጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስ መከልከሉን ያውቃሉ፤ ቬፕ መከልከሉን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ለገምጋሚ ደግሞ ይህ ተጨማሪ ትርጉም አለው፤ ዕቃው በተቆጣጣሪ እጅ አልፎ ስለማይገባ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር በውስጡ ካለው ጋር መስማማቱን ያረጋገጠ ማንም የለም። በአማርኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያም የለበትም። እንደ ሸማች ቢታይ እንኳ ገዢው የማያውቀውን ነገር ነው የሚገዛው።

ስለ ራሳቸው ልማድ ስንነጋገር ነገሩ ይበልጥ ከበደ። አንዳንዶቹ በበዓል ወይም ከፈተና በኋላ ሺሻ እንደሚስቡ ሳይሸሽጉ ነገሩኝ፤ ራሳቸውን ግን ከአጫሽ አይቆጥሩም። አንድ ኢንተርን «ለታካሚ አቁም ብዬ ልመክር አፌን ስከፍት የራሴ ቅዳሜ ትዝ ይለኛል፤ ስለዚህ ዝም እላለሁ» አለኝ። ይህ ቃል ከሁሉም ንግግር በላይ አሳስቦኛል። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ማጨስ የጠየቁት የእንግሊዝ ሐኪሞችን ነበር። ብዙዎቹ ሐኪሞች ራሳቸው አጫሾች ነበሩ፤ የማጨስን ጉዳት ያሳየው ውጤት ሲወጣ ከሌላው ሕዝብ ቀድመው ማቆም የጀመሩትም እነርሱ ናቸው። ለኢንተርኑ ይህን ነገርኩት፤ ለማቆም ርዳታ ከፈለገ ማንም ሳይሰማ ሊያነጋግረኝ እንደሚችልም ጨመርኩ።

በዎርድ ውስጥ ሊለወጥ የሚገባው ታሪክ የምንወስድበት መንገድ ነው። ተማሪዎቹ የትምባሆን ጫና የሚያሰሉት በቀን የሚጨሰውን ፓኮ በዓመታት ብዛት አባዝተው ነው፤ ሺሻና ቬፕ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም። «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ተብሎ የተጠየቀ የሺሻ ደንበኛ በእውነት «አላጨስም» ይላል፤ በካርዱ ላይም ትምባሆ የማይጠቀም ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ሦስቱን ለየብቻ እየጠሩ መጠየቅ፣ ስለ ሺሻ ሲሆን በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ሰዓት፣ ከስንት ሰው ጋርና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል መሆን አለመሆኑን፣ ስለ ቬፕ ሲሆን ደግሞ አንዱ በስንት ቀን እንደሚያልቅና ከእንቅልፍ እንደተነሣ ወዲያው ይስብ እንደሆነ መጻፍ እንደሚገባ ተስማምተናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ትምባሆን ለማቆም ባወጣው መመሪያ የሚመክረው አጭር ምክር ከ30 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚወስድ ብቻ ነው፤ በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍልም ቢሆን ይህ ጊዜ አይጠፋም። ለማቆም የሚፈልግ ሱሰኛም ሊታዘዝለት የሚገባው ይኸው መመሪያ የጠቀሳቸው እንደ ኒኮቲን መተኪያ፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን ያሉ ሕክምናዎች እንጂ ማንነቱ ያልታወቀ ማንጎ ጣዕም ያለው ፈሳሽ አይደለም።

አንዲት ተማሪ በመጨረሻ ያነሣችው ነጥብ ከእኔ ዝግጅት ውጪ ነበር። በእኛ አገር ታካሚ ብቻውን አይመጣም፤ እናቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ ሺሻ ትስባለህ ብሎ መጠየቅ ውሸትን መጋበዝ ነው አለች። ትክክል ናት። አስታማሚውን በአክብሮት «እስቲ እናቴ፣ ለአፍታ ውጭ ይጠብቁን» ብሎ ካስወጡ በኋላ መጠየቅ እንደሚገባ ተስማምተን፣ ጥያቄዎቹን በዚያ ቅደም ተከተል በመለማመጃ ቅጻቸው ላይ ጽፈዋል።